ጄድ ኤምፓየር በኮምፒውተር፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ስለ ጄድ ኤምፓየር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ጌም አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን አምስተኛውን ይዣለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙንም ዛሬ ነው የሰማሁት። ምን ዓይነት ጌም ነው? ማን ሠራው?

መልስ፦ የኩንግ ፉ አርፒጂ ነው። አርፒጂ ስል ገጸ ባህሪህን ራስህ የምታሳድግበት፣ ከሰው ጋር የምታወራበት፣ ውሳኔህ ታሪኩን የሚቀይርበት ጌም ማለቴ ነው። የሠራው ባዮዌር የሚባል የካናዳ ድርጅት ነው፤ ያለው ኤድመንተን ከተማ ነው። ድርጅቱን ከመሠረቱት መካከል ሬይ ሙዚካና ግሬግ ዜሹክ ሐኪሞች ነበሩ። ጌም ስለወደዱ ሕክምናውን ትተው ወደዚህ ገቡ። በ2003 ያወጡት የስታር ዋርስ አርፒጂ ስማቸውን ከፍ አደረገው። ያ ግን የሌላ ሰው ዓለም ነው። ዓለሙን ራሳቸው የፈጠሩት የመጀመሪያ አርፒጂያቸው ጄድ ኤምፓየር ነው። ሲጫወቱት ይሄ ነገር ይታወቃል፤ እያንዳንዱ ቤተ መቅደስና እያንዳንዱ መንፈስ በፍቅር የተሠራ ነው።

ታሪኩ ቱ ሪቨርስ ከምትባል ትንሽ መንደር ይጀምራል። ወላጅ የለህም፤ ያሳደገህ መምህር ሊ የሚባል የውጊያ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን መንደሯ ትጠቃለች፣ መምህሩም ይወሰዳል። እሱን ፍለጋ ትወጣለህ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጥያቄ፦ የኤክስቦክስ ጌም አይደል እንዴ? ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ምን ተቀየረ?

መልስ፦ ልክ ነህ። በኤፕሪል 2005 ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ ማለትም ለማይክሮሶፍት የጌም ማጫወቻ ብቻ ነበር የወጣው። አሳታሚውም ማይክሮሶፍት ነበር። ፒሲ (ኮምፒውተር) ላይ የደረሰው ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2007 ነው፤ «ስፔሻል ኤዲሽን» ተብሎ በ2ኬ ጌምስ በኩል ወጣ።

ዝም ብሎ ተገልብጦ የመጣ አይደለም። የምስሉ ጥራት ጨምሯል፤ ኤክስቦክሱ ላይ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ልብስና ግድግዳ እዚህ ጥርት ብሏል። ጠላቶቹ ብልጥ ሆነዋል። አዳዲስ የውጊያ ስልቶችና አዳዲስ ጭራቆች ተጨምረዋል። መነኩሴ ዜንግ የሚባለው ተመራጭ ገጸ ባህሪ ኤክስቦክስ ላይ ውሱን እትሙን ለገዛ ሰው ብቻ ነበር የሚገኘው። ፒሲው ላይ ግን ለሁሉም ሰው አለ።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። ኤክስቦክሱ ላይ በእጅህ የምትይዘው አራት ስልት ነው፤ በመቆጣጠሪያው አራት አቅጣጫ ቁልፍ ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተር ላይ ስልቶችህን በኪቦርዱ የቁጥር ቁልፎች ላይ ትደረድራቸዋለህ። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል። ውጊያው ግን ስልት በመቀያየር ላይ የቆመ ስለሆነ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ፒያኖ እንደመጫወት ይሆናል፤ 2 ቁጥርን ነካ፣ 1 ቁጥርን ነካ፣ አበቃ።

ጥያቄ፦ የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ነው። ይችለዋል ወይ?

መልስ፦ ይችለዋል ብዬ እገምታለሁ። ሲወጣ የጠየቀው 512 ሜጋባይት ራም፣ 1.8 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነበር። ያኔ የሚያስቸግረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ዛሬ ግን ተራ የቢሮ ላፕቶፕም በደንብ ያጫውተዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከአዲስ ዊንዶውስ ጋር ነው። ጌሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው። ስለዚህ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ አትጫነው፤ ዲ ድራይቭ ላይ የራሱን ፎልደር ክፈትለት። ከጌሙ ጋር የሚመጣ የማስተካከያ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ እሱን ክፈትና የስክሪንህን መጠን ምረጥ። አልከፈት ካለህ በአስተዳዳሪ ፈቃድ አስነሳው። ከጠየቃችሁኝ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው ተስፋ የቆረጡት። አትቁረጡ፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ ብዙ አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ መብራት እየሄደ ስንት ሰዓት የተጫወትኩት ጠፋብኝ። ሴቭ የሚያደርገው መቼ ነው?

መልስ፦ አውቀዋለሁ፣ አንጀት ያቃጥላል። እኔም አንድ ማታ ከባድ አለቃ (የጠላቶቹን ዋና) ገድዬ ገና ትንፋሽ ሳልወስድ ቤቱ ጨለመ። ወደ አዲስ ሰፈር ስትሻገር ጌሙ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ከዚያ ውጭ ያለው በእጅህ ነው። ውጊያ ላይ እስካልሆንክ ድረስ ሴቭ ማድረግ ትችላለህ፤ እያንዳንዱ ውጊያ ባለቀ ቁጥር አድርግ። በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ደራርበህ አትጻፍ፤ ሦስት ይኑርህ። አንዱ ሲጻፍ መብራት ቢሄድና ቢበላሽ ሁለቱ ይተርፋሉ።

ጥያቄ፦ ማውሱን ዝም ብዬ ነው የምቀጠቅጠው፤ ሁልጊዜ እሞታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መቀጥቀጥህን አቁም። ይህ ጌም ትዕግሥት ይወዳል።

በመጀመሪያ የስልቶቹን ዓይነት ለይ። ተራው የእጅና የእግር ስልት አለ። የመሣሪያ ስልት አለ፤ ጎራዴ ወይም ዘንግ ይዘህ ነው፣ ፎከስ የሚባለውን የትኩረት ኃይልህን ይበላል። የአስማት ስልት አለ፤ እሳት፣ በረዶ፣ ድንጋይ ትወረውራለህ፣ እሱ የሚበላው ቺን ነው። ቺ ማለት የውስጥ ኃይልህ ነው፤ ቁስልህን የምታክመውም በእሱ ስለሆነ አታባክነው። የማገዣ ስልት አለ፤ አይጎዳም፣ ነገር ግን ጠላትን ያዘገያል ወይም ያደርቃል። ወደ ጭራቅነት የሚለውጥህም አለ።

አሁን አንድ ውጊያ አብረን እንይ። ሦስት ሰዎች ከበውሃል። ጀርባህን ከሰጠህ አለቀልህ። ስለዚህ በአንዱ ራስ ላይ ተገለባብጠህ እለፍ፤ ሦስቱም አሁን በአንድ ወገን ሆኑ። የማገዣ ስልትህን ጥራ፣ የፊተኛውን በከባድ ምት ምታው። ሰውየው ላይ ምልክት ይታያል። ሳትዘገይ ወደ እጅ ስልትህ ተመለስና በከባድ ምት ድገመው። ሰውየው በአንድ ምት ያልቃል፤ ከእሱም ጤናህን ወይም ቺህን የሚሞላ ብርሃን ይወድቃል። ሁለት ቀሩ። አንደኛው እጁን አጣምሮ ይከላከላል። በፈጣን ምት ብትነካካው ምንም አይሆንም፤ መከላከያውን የሚሰብረው ከባዱ ምት ነው። ሦስተኛው ጎንህ ከደረሰ ዙሪያህን የሚያጸዳውን ምት ተጠቀም፤ ሁለቱም ይበተናሉ።

ፎከስ ደግሞ ጊዜን ያዘገያል። ብዙ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ያስቀምጠውና ሳይነካው ይሞታል። አስቀምጠህ አትሙት፤ ተጠቀምበት።

አንድ ነገር ልብ በል። መናፍስትን መሣሪያ አይነካቸውም። ጎራዴ ብቻ አሳድጎ የመጣ ሰው ጫካው ውስጥ ሲደርስ ያለቅሳል። ቢያንስ አንድ የእጅ ስልት ጠንካራ ይኑርህ።

ጥያቄ፦ «የተዘረጋ መዳፍ» እና «የተጨበጠ ቡጢ» የሚባሉት መንገዶች ደግነትና ክፋት ናቸው አይደል?

መልስ፦ አይደሉም! ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

የተዘረጋ መዳፍ መንገድ ዓለም ሥርዓት አለው፣ አንተም ቦታህን አውቀህ ለሌላው ድጋፍ ሁን ይላል። የተጨበጠ ቡጢ ደግሞ ሰው የሚጠነክረው ሲታገል ነው፣ የማይታገል ሰው ይሰንፋል፣ አለዚያም ለሌላ ሰው ይገዛል ይላል። ሁለተኛውን የሚከተል ሰው ክፉ መሆን የለበትም። የወደቀውን ሰው አያነሣውም፤ «ተነሥ» ይለዋል። እጁን የሚዘረጋለት ለመነሣት መሞከሩን ካየ ነው።

ቲየንስ ላንዲንግ የምትባለው ከተማ ላይ ስትደርስ በደንብ ይገባሃል። ታላቁ ግድብ ተከፍቶ ውሃው ሄዷል፣ ጀልባ አይገባም፣ ንግዱ ሞቷል። ሚኒስትር ሼንግ ግድቡን ዝጋልን ይልሃል። ጂያን የሚባል ብርቱ ሰው ደግሞ መቆጣጠሪያውን ስበረው፣ ችግሩ ሕዝቡን ያጠነክረዋል ይልሃል። እኔ መጀመሪያ ስጫወት ጂያንን እብድ ነው ብዬ አልፌው ነበር። በሁለተኛው ዙር ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አልተስማማሁም፤ ግን የሚለው ነገር ሐሳብ ነው፣ ከአፉ የወጣ ተራ ክፋት አይደለም።

እዚህ ላይ ጌሙን የምወቅስበት ነገር አለኝ። ይህን ቆንጆ ፍልስፍና ራሱ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። በተለይ በትንንሾቹ ሥራዎች የቡጢው ምርጫ ገንዘብ መቀማት ወይም ደካማን መምታት ብቻ ይሆናል። ይህ ትግል አይደለም፣ ውንብድና ነው። ጸሐፊዎቹ የጀመሩትን እስከ ዳር ቢወስዱት ኖሮ ከጌም ሁሉ የሚበልጥ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ቡጢውን ስትመርጡ «ይህ ሰው በዚህ ይጠነክራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና ወስኑ። የጨዋታው ጣዕም ይለወጣል።

ጥያቄ፦ አንዳንዶቹ ሰዎች የሚናገሩት ቻይንኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቶ ፋን ይባላል፤ ለዚህ ጌም ብቻ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። የፈጠረው ዎልፍ ዊክሊ የሚባል፣ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ይማር የነበረ የቋንቋ ጥናት ሰው ነው። 2,500 ያህል ቃላት አሉት። ዓለሙም ቻይና አይደለም፤ ከቻይና ተረትና አፈ ታሪክ የተቀዳ ምናባዊ አገር ነው። ሙዚቃውን የሠራው ጃክ ዎል ነው። ሲቻላችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ከበሮው ውጊያ ላይ ልብ ያስመታል።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጅ አለኝ፤ ኩንግ ፉ ይወዳል። ልግዛለት?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አትግዢለት። በአሜሪካ የደረጃ አሰጣጥ «ኤም» ነው የተሰጠው፤ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ማለት ነው። ደም አለው፣ ሰው ሲሞት ይታያል። ንባቡም ብዙ ነው፤ ይሰለቸዋል።

ጥያቄ፦ ከየት ልግዛ? ካርድ የለኝም።

መልስ፦ ስቲምና ጎግ የሚባሉት የኢንተርኔት የጌም መደብሮች ይሸጡታል። ጎግ ይሻላል የምለው ፋይሉን አንዴ ካወረድከው ያለ ኢንተርኔት ስለምትጭነው ነው። ኮኔክሽን ያለበት ቦታ አውርደህ በፍላሽ ወደ ቤትህ ትወስደዋለህ። ካርዱን በተመለከተ፣ ጎግ ላይ ጌም በስጦታ መላክ ይቻላል። ውጭ አገር ያለ የአጎት ልጅ ካለህ ለልደትህ ምን እንደምትፈልግ አሁን ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይስ?

መልስ፦ አለ። በ2016 ለአይፎንና ለአይፓድ ወጣ፣ በኋላም ለአንድሮይድ። እኔ ግን በትንሽ ስክሪን ላይ ስልት መቀያየሩ አልመቸኝም።

ጥያቄ፦ ክፍል ሁለት ይወጣል?

መልስ፦ እስካሁን አልወጣም። ባዮዌርን በ2007 መጨረሻ ኢኤ የሚባለው ትልቅ የጌም አሳታሚ ለመግዛት ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ወደ ሌሎች ትልልቅ ጌሞቹ አተኮረ። ያሳዝነኛል። ለዚህ ዓለም አንድ ጌም ብቻ አይበቃውም ነበር።

ጥያቄ፦ ጠመንጃ የያዘ ፈረንጅ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው! ንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ስትደርስ ከሩቅ ባሕር ማዶ የመጣ፣ አገሬው ኋላቀር ነው እያለ ሕዝቡን የሚሰድብ ሰው ታገኛለህ። ድምፁን የሰጠው እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ጆን ክሊስ ነው። ሕዝብ ፊት ቆመህ ትከራከረዋለህ። የመናገር ችሎታህን ካሳደግክ በቃላት ታሸንፈዋለህ፤ እንዲህ ጮክ ብዬ የሳቅኩበት ጌም ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውንም ልታገኝ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማታ ልጀምር ነው። ማንን ልምረጥ? ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሰባት ሰዎች ይቀርቡልሃል፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ታሪኩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ዓይንህ የወደደውን ምረጥ። ነጥብ ስታገኝ በአካል፣ በአእምሮና በመንፈስ ላይ ትከፋፍላለህ፤ የመጀመሪያው ጤናህን፣ ሁለተኛው ፎከስህን፣ ሦስተኛው ቺህን ያሳድጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንፈስ አድላ፤ ቺ ካለህ ራስህን እያከምክ ትዘልቃለህ። ስልቶችን ደግሞ ሁሉንም አትነካካ። ሁለት ወይም ሦስት ምረጥና እነሱን ብቻ አሳድግ።

አንዴ ከቱ ሪቨርስ ከወጣህ ተመልሰህ አትገባም። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ትምህርት ቤቱን ዙር፣ መንደሯን ዙር፣ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ አናግር። ወንዙ ዳር ያሉትንም እንዳትረሳ።