መልስ፦ የከርሰ ምድር ንብርብሮች ሞዴሌ ከቁፋሮ ጉድጓዱ ልኬት ጋር ገጥሟል፤ የመዋቅሩን (የንብርብሮቹን ቅርጽና ጥልቀት) ስህተት መገመት ከየት ልጀምር?

ከፍጥነቱ ጀምር። ሳይዝሚክ (ሞገድ ወደ መሬት ልኮ የሚመለሰውን የሚለካው ጥናት) የሚሰጥህ ጊዜ እንጂ ጥልቀት አይደለም። ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ከፈጀበትና አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 3,000 ሜትር ከሆነ፣ ንብርብሩ 3,000 ሜትር ላይ ነው። ፍጥነቱን 2 በመቶ ከሳትክ ጥልቀቱን 60 ሜትር ሳትክ። ያንተ ጉብታ (ንብርብሩ ወደ ላይ ያበጠበት ቦታ) ደግሞ ከፍታው 40 ሜትር ብቻ ነው ብለሃል!

ስህተቱ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ብዙም አያስጨንቅ፤ ጉብታው እንዳለ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጉብታውን የሚያጠፋው ፍጥነቱ ከጉድጓዱ ስትርቅ ሲለዋወጥ ነው። ስለዚህ፦

1. ጉድጓዱ ላይ የሚገጥሙ፣ ከዚያ ርቀው ግን የሚለያዩ ብዙ የጥልቀት ካርታዎች ሥራ።
2. በእያንዳንዱ ካርታ የወጥመዱን (በጉብታው ውስጥ ነዳጅ ወይም ጋዝ ሊጠራቀምበት የሚችለውን ቦታ) መጠን አስላ። አለቃህ አንድ ቁጥር ብቻ ቢጠይቅህም ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ክልል አብረህ አቅርብ።

ከልምድ የምነግርህ፦ ፎልቶቹን (ንብርብሮቹ ተሰንጥቀው የተንሸራተቱባቸውን ቦታዎች) ሌላ ባለሙያ ያንተን ሥራ ሳያይ ከዜሮ ይተርጉማቸው። በአንድ ትርጓሜ ዙሪያ ሺህ ሞዴል ብታወጣ፣ ትርጓሜው ራሱ ከተሳሳተ ሺውም አብረው ይስታሉ።