ቅጠሉን አሽትታችሁ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ወሎ ውስጥ ችግኝ ሳስተክል ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ብዙው ተራራችን ራቁቱን ነበር። ያኔ ሪፖርት ላይ የምንጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ተተከለ? ስንት ጸደቀ? ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ስለሆነ እሱን ተከልን። ሰው ማገዶና አጣና አገኘ፤ በዚያ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ጡረታ መውጣቴ ነው። ይህ ዛፍ አየሩ ላይ ምን ይለቃል?

እናንተ ጊዜ አላችሁ። በእጃችሁ ጀምሩ። አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀንጥሱና ወደ ፀሐይ አንሱት። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ብሩህ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። የዘይት ከረጢቶች ናቸው። አሽታችሁ አሽትቱት፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን የሚያጥኑን ሽታ ነው። ቀጥሎ የሐበሻ ጥድ አሹ። ሙጫ ሙጫ ይላል። አፍንጫችሁ የለየው ኬሚስትሪውን ነው።

ጥድ በብዛት የሚለቀው ተርፒን የሚባሉትን ሽታ ያላቸው ጋዞች ነው። ከተጠራቀመ ሙጫ ስለሚተኑ ሌሊትም አያቋርጡም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከዘይቱ ሌላ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ አለው። ቅጠሉ ይህን የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ ሲሞቅ ያበዛዋል፣ ሲመሽ ያቆማል። ቅጠሉ ሙቀትን እንዲቋቋም ይረዳዋል። የዓለም ዕፅዋት ሁሉ ሲደመር በዓመት 500 ሚሊዮን ቶን ገደማ አይሶፕሪን ይለቃሉ።

እንግዲህ ጥዱ አልቆ በቦታው ባሕር ዛፍ ሲቆም፣ ከመሬቱ ጋር አየሩም ተቀይሯል ማለት ነው።

ታዲያ መጥፎ ነው ወይ? እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ግማሹን ሰምቶ «ዛፍ አየር ይበክላል» ብሎ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። ዛፍ ብቻውን ኦዞን የሚባለውን ጋዝ አይሠራም። ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ የሚመጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያስፈልጋል። የዛፉ ጋዝና ይህ ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ነው መሬት አጠገብ ኦዞን የሚፈጠረው። ከላይ ያለው ኦዞን ከፀሐይ ጨረር ይጠብቀናል። ታች ያለው ግን ሳንባ ያስቆጣል፤ በቅጠል ቀዳዳ ገብቶ ስንዴና ባቄላ ይጎዳል። ጭስ በሌለበት ቦታ ደግሞ ያው አይሶፕሪን ኦዞንን ሊበላው ይችላል።

ስለዚህ ቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ደን ውስጥ ያለ ዛፍና ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለ ዛፍ አንድ ዘር ቢሆኑም ሥራቸው አንድ አይደለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለች ናት፤ ትሞቃለች። ፋብሪካ አላት፣ ከባድ መኪናው ሲመላለስባት ይውላል። እዚያ ዛፍ ስትመርጡ የዛፉን ትንፋሽም አስቡ። ጭሱንም መቀነስ አለብን፤ ዛፉን ከስሰን ጭሱን ዝም ማለት ግፍ ነው።

ተርፒኖቹም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አየር ላይ ሲለወጡ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ፍሪትስ ቬንት የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ በደን ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ጭጋግ ከዚሁ ጋር አያይዞ ጽፏል። የደመና ጠብታም እንዲህ ባለ ብናኝ ላይ ይፈጠራል። ይህን ሳነብ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ብዙ ሌሊት አሰብኩበት።

ደን የምትማሩ ኬሚስትሪ አትጥሉ። ኬሚስትሪ የምትማሩም ጫካ ግቡ። የጎፍ ደን ቅርባችሁ ነው። አንድ ቀን በማለዳ ውጡ፣ ሌላ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ደብተር ያዙ። የትኛው ዛፍ ሥር ምን እንደሸተታችሁ፣ ፀሐይ ይሁን ደመና፣ ነፋሱ ከኮምቦልቻ በኩል ይሁን ከሌላ ጻፉ። የመለኪያ መሣሪያ እጃችሁ የገባ ቀን የት እንደምትሰቅሉት ከደብተራችሁ ታገኙታላችሁ።