መልስ፦ ስለ ሴል ጨው ክኒንና ስለ በግ ሴል መርፌ
ለእናትዎ የጉልበት ሕመም ጅማ ውስጥ የተሸጠልዎት «የሴል ጨው» ክኒን ይረዳቸው እንደሆነ፣ የበግ ሴል መርፌስ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። «የሴል ጨው» የሚባሉትን አሥራ ሁለት የማዕድን ጨዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ሹስለር በሽታ የሚመጣው በሴል ውስጥ ማዕድን ሲጓደል ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ይሁንና «6ኤክስ» የሚል ምልክት ባለበት ክኒን ውስጥ ያለው ጨው ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ በመሆኑ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሆነው የፖታሲየም ፎስፌት 250 ሚሊግራም የሚመዝን ክኒን የሚይዘው ጨው 0.00025 ሚሊግራም ሲሆን ቀሪው የወተት ስኳር ነው። ከገበያችን የሚገዙት አንድ ሙዝ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ፖታሲየም አለው (ዋጋውንም ያነጻጽሩ)። ከበግ የተወሰደ ሴል የሚሰጥበት መርፌ ግን ያሳስበኛል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፖል ኒሃንስ በ1931 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ሕክምና ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ባዕድ ሴል ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተወጉ ሰዎችም ኪው ፊቨር በተባለ ከእንስሳት በሚተላለፍ በሽታ ተይዘዋል። እናትዎን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያስመርምሩ፤ የታዘዘላቸውንም መድኃኒት በክኒኑ ምክንያት እንዳያቋርጡ።