ስለ ዳርዊን የእርግብና የጥንቸል ደብዳቤዎች ለጠየቃችሁኝ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ዳርዊን ይጻጻፍ የነበረው ከሊቃውንት ጋር ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እኔም የምወደው ይህንኑ ጠባዩን ነው። የሚያውቅ ሰው ካገኘ አርቢም ቢሆን በትሕትና ይጠይቃል። ከ1855 ጀምሮ የዶሮና የእርግብ አዋቂውን ዊልያም ቴጌትማየርን በጥያቄ ያጣድፈው ነበር። ራሱም በሚኖርበት በእንግሊዙ ዳውን መንደር እርግብ ማርባት ጀመረ፤ የለንደን እርግብ አርቢዎች ማኅበርም ገባ።

ጥያቄ፦ ከእርግቦቹ ምን ተማረ?

መልስ፦ ነጭና ጥቁር ዝርያዎችን አዳቀለ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ሰማያዊ ሆኖ፣ ክንፉ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ይዞ ተፈለፈለ፤ ቁርጥ የዱሩን የገደል እርግብ! ከዚህም የቤት እርግቦች ሁሉ ከዚያ የዱር እርግብ እንደመጡ ተረዳ።

ጥያቄ፦ ከጋልተን ጋር በጥንቸል ተጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ጠብ አልነበረም፤ ቅሬታ ግን ነበር። ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደሚለቅና እነርሱም ተሰብስበው ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ ገመተ። የአክስቱ ልጅ ፍራንሲስ ጋልተን «እንግዲያው ደም ውስጥ መገኘት አለባቸው» ብሎ የሌላ ዝርያ ጥንቸሎችን ደም ለብርማ ግራጫ ጥንቸሎች ሰጠ። ግልገሎቹ ግን ዘራቸውን ሳይለቁ ተወለዱ። ውጤቱን በመጋቢት 1871 ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። በቀጣዩ ወር ዳርዊን «ኔቸር» መጽሔት ላይ፣ ስለ ደም አንዳች እንዳልተናገረ ጻፈ። መጽሐፉን ብናይ እውነቱን ነው፤ ደም የሌላቸውን ዕፅዋትም ጨምሮ ነበርና። ነገር ግን ሙከራውን ከአንድ ዓመት በላይ በደብዳቤ ሲከታተል ቆይቶ ይህን ያለው ውጤቱ ከታተመ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጋልተን ያሳዝነኛል። ሆኖም አልተቀየመም፤ የጥንቸሉን ሥራ አብረው ቀጠሉ።

ጥያቄ፦ አንዲት ፈረስ ከሜዳ አህያ ከወለደች በኋላ፣ ከፈረስ የወለደቻቸውም ዥንጉርጉር ሆኑ ይባላል?

መልስ፦ የሎርድ ሞርተን ባዝራ ናት፤ ወሬው በ1821 ታተመ፤ ዳርዊንም አምኖታል። በ1890ዎቹ የእንስሳት ሊቁ ኮሳር ዩዋርት ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ሞከረው፤ አልተረጋገጠም።

ጥያቄ፦ ዳርዊን ወደ ሜንዴል ግኝት ተቃርቦ ያውቃል?

መልስ፦ በጣም! ሜንዴል አተር አዳቅሎ፣ ባሕርያት ሳይደባለቁ በተወሰነ መጠን ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ ያገኘ መነኩሴ ነው። የአተር ጽሑፉ በታተመበት በዚያው በ1866 ዳርዊን ለተፈጥሮ ተመራማሪው ለዋላስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፦ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት የአበባ አተር አዳቅሎ፣ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ከነበሩ ፍሬዎች እንኳ ሁለቱም ዓይነት በቅለው አየ፤ መካከለኛ ቀለም ግን አንድም አልነበረም። ስንቱ እንዲህ፣ ስንቱ እንዲያ ብሎ መጠኑን ግን አላሰላም።