የቪዲዮ ብላክጃክ ሕጎች፦ ስሌቱና አጨዋወቱ በጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብላክጃክ ከ21 ሳታልፉ ከዲለሩ (ቤቱን ወክሎ ከሚጫወተው፣ እዚህ ከማሽኑ) የበለጠ ድምር የምትይዙበት የካርታ ጨዋታ ነው። ጥያቄዎቻችሁን በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከታች «የቤቱ ብልጫ» የምለው ከተወራረዳችሁት 100 ውስጥ ቤቱ (አጫዋቹ ድርጅት) በረጅም ጊዜ በአማካይ የሚያስቀረውን ነው። ማነጻጸሪያዬ 8 ጥቅል ካርታ ያለው፣ ዲለሩ በማንኛውም 17፣ አስ እንደ 11 የተቆጠረበትም ቢሆን፣ ካርታ መጨመር የሚያቆምበት፣ ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10 መያዝ) 3 ለ 2 የሚከፈልበት፣ ማለትም ለ2 ውርርድ 3 የሚሰጥበት፣ ከስፕሊት (ጥንድ ካርታን ለሁለት እጅ ከመክፈል) በኋላም ደብል (ውርርዱን እጥፍ አድርጎ አንድ ካርታ ብቻ መውሰድ) የሚፈቀድበት ጨዋታ ነው። ሳይሳሳት ለሚጫወት ሰው የዚህ ጨዋታ ብልጫ 0.43 በመቶ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ ምን ልይ?

የብላክጃክ ክፍያውን። ክፍያው ከ3 ለ 2 ወደ 6 ለ 5 ከወረደ ብልጫው በ1.36 በመቶ ይጨምራል፤ 1 ለ 1 ከሆነ ደግሞ በ2.27። ብላክጃክ የሚመጣው በ21 እጅ አንዴ ያህል ነው፣ ግን የዲለሩን ጥቅም የሚያካክስልህ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሌሎቹ ሕጎች ሁሉ ቢያምሩ እንኳ 1 ለ 1 የሚከፍል ማሽን ላይ አትቀመጥ።

ጥያቄ፦ የሕጉ ገጽ 3 ለ 2 ይላል። 1 ክሬዲት (የማሽኑ የውርርድ መለኪያ) አስይዤ ብላክጃክ ሲመጣልኝ ግን 1 ብቻ ከፈለኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ብዙ ማሽን ግማሽ ክሬዲት ስለማይከፍል 1.5ን ወደ 1 ያወርደዋል። ስለዚህ በ1 ክሬዲት የምትጫወተው 1 ለ 1 ነው ማለት ነው። በ3 ክሬዲት የሚገባህ 4.5 ነው፤ 4 ይሰጥህና 0.75 በመቶ ገደማ ታጣለህ። በ5 ክሬዲት ከ7.5 ላይ 7 ይሰጥሃል፤ ጉዳቱ 0.45 በመቶ ነው። መፍትሔው ጎዶሎ ቁጥር አለማስያዝ ነው፦ 2፣ 4፣ 6። በ6 ለ 5 ማሽን ላይ ደግሞ የ5 ብዜት ብቻ አስይዝ። እዚያ በ2 ክሬዲት የሚገባህ 2.4 ወደ 2 ይወርዳል።

ሰረንደርም (እጅህን ትተህ የውርርድህን ግማሽ ማስመለስ) እንዲሁ ነው፤ የጎዶሎ ውርርድ ግማሽ ሲመለስ ማሽኑ ወደ ታች ሊያጠጋው ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲለሩ አስና 6 ይዞ ካርታ ሲጨምር አየሁት። ለእኔ ጥሩ አይደለም እንዴ? ሊቃጠል (ከ21 ሊያልፍ) ይችላልኮ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። 17 ለዲለሩ ደካማ እጅ ነው፤ አስ 1 ሆኖ ሊቆጠር ስለሚችል ደግሞ በሚቀጥለው ካርታ ፈጽሞ አይቃጠልም። በድምሩ ሲሰላ ከመቃጠሉ ይልቅ መሻሻሉ ያመዝናል፤ 0.2 በመቶ ገደማ ይጎዳሃል። አጨዋወትህ ላይ የሚቀየረው ጥቂት ነው፦ 11 ይዘህ ዲለሩ አስ ሲያሳይ ደብል፣ አስና 8 ይዘህ 6 ሲያሳይ ደብል፣ አስና 7 ይዘህ 2 ሲያሳይ ደብል። ዲለሩ በ17 ሁሉ የሚቆም ከሆነ፣ በ8 ጥቅል፣ ከእነዚህ ሦስት እጆች በመጀመሪያው (በ11) ደብል ሳታደርግ ካርታ ትጨምራለህ፣ በቀሩት ሁለቱ ትቆማለህ።

ጥያቄ፦ ደብል በ10 እና በ11 ብቻ የሚፈቅድ ማሽን ላይስ?

0.18 በመቶ ይጨምርብሃል። አስ ያለበት እጅ ላይ ደብል ስለማይቻል አስና 6 ይዘህ ካርታ ጨምር። አስና 7 ይዘህ ዲለሩ ከ3 እስከ 6 ካሳየ ቁም።

ጥያቄ፦ ስፕሊት አለ፣ ከስፕሊት በኋላ ግን ደብል የለም። የአጨዋወት ሰንጠረዤን መቀየር አለብኝ?

አዎ፣ በትንንሾቹ ጥንዶች ላይ። 2-2 እና 3-3 የምትከፍይው ዲለሩ ከ4 እስከ 7 ሲያሳይ ብቻ ነው፤ ደብል ቢፈቀድ ኖሮ ከ2 ጀምሮ ነበር። 4-4ን በጭራሽ አትክፈይ። 6-6 ላይ ዲለሩ 2 ካሳየ ካርታ ጨምሪ። 8-8 እና አስ-አስ አይነኩም። የሕጉ ዋጋ 0.14 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ ዲለሩ ሁለተኛውን ካርታ የሚወስደው እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ልዩነት ያመጣል?

ያመጣል፣ ግን አንድ ነገር አጣራ፦ ዲለሩ ብላክጃክ ሲያወጣ የሚወሰድብህ የመጀመሪያው ውርርድ ብቻ ነው ወይስ ደብልና ስፕሊት ያደረግኸውም ጭምር? የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ምንም አትቀይር። ሁሉም ከተወሰደ 0.11 በመቶ ያስከፍልሃል፤ ያን ጊዜ ዲለሩ 10 ወይም አስ ሲያሳይ በ11 ደብል አታድርግ፣ 8-8ንም አትክፈል። አስ-አስን በአስ ላይ አትክፈል፣ በ10 ላይ ግን ክፈል።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ ልግዛ?

አትግዛ። ኢንሹራንስ ዲለሩ አስ ሲያሳይ «ብላክጃክ ይዟል» ብለህ የምታስይዘው የጎን ውርርድ ነው። በ8 ጥቅል ላይ ብልጫው 7.5 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ጥቅል ሁለት ባለ 10 ካርታ ይዘህ ከገዛህ ደግሞ ካልታዩት 49 ካርታዎች 10 የሚቆጠሩት 14 ብቻ ስለሆኑ ብልጫው 14.3 በመቶ ይደርሳል፤ «ጥሩ እጅ ስላለኝ ልጠብቀው» የሚለው ሐሳብ በጣም የሚጎዳው እዚህ ነው።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ብላክጃክ ይዘህ፣ ዲለሩ አስ አሳይቶ፣ ማሽኑ «አሁኑኑ 1 ለ 1 ውሰድ» ካለህ፦ በ3 ለ 2 እምቢ በል፤ ዲለሩ ብላክጃክ የማይዝበት ዕድል 9/13 ገደማ ነው፣ 9/13 በ1.5 ሲባዛ 1.04 ይሆናልና ከ1 ይበልጣል። በ6 ለ 5 ግን 9/13 በ1.2 ሲባዛ 0.83 ነው፤ እዚያ ተቀበል።

ጥያቄ፦ አምስት ካርታ ሳይቃጠሉ መያዝ ያሸንፋል የሚል ማሽን አለ። ይጠቅማል?

በጣም! 1.46 በመቶ ወደ አንተ ይመልሳል፤ የ6 ለ 5ን ጉዳት ያካክሳል ማለት ነው። ግን አጨዋወትህን ካልቀየርክ አብዛኛውን ትተወዋለህ። በአራት ካርታ 13 ይዘሃል፣ ዲለሩ 6 አሳይቷል እንበል። እንደ ወትሮው ከቆምክ በአማካይ 15 በመቶ ትከስራለህ። ከጨመርክ ግን ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች ከአስ እስከ 8 ያሉት ስምንቱ ወዲያው ያሸንፉልሃል፣ አምስቱ ያቃጥሉሃል፤ 23 በመቶ ትርፍ ነው። በአራት ካርታ አስ እንደ 11 የሚቆጠርበት እጅ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ጨምር፣ መቃጠል የለም። ስድስት ካርታ የሚጠይቀው ሕግ ግን 0.16 በመቶ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ጥያቄ፦ እኩል ስንወጣ ዲለሩ ይወስዳል ይላል።

ተወው። ወደ 9 በመቶ ይጠጋል፤ የትኛውም ሌላ ሕግ አይክሰውም።

ጥያቄ፦ ካርታ መቁጠር (የወጡትን ካርታዎች እየተከታተሉ መጫወት) ይቻላል?

ከእያንዳንዱ እጅ በኋላ ጥቅሉን እንደ አዲስ የሚበውዝ ማሽን ላይ አይቻልም፤ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ያለፈው እጅ ለሚቀጥለው ምንም አይነግርም። ስለዚህ በትክክል መጫወት ብልጫውን ይቀንሰዋል እንጂ ወደ አንተ አያዞረውም።

ጥያቄ፦ 0.43 እና 1.79 በመቶ ያን ያህል ይራራቃሉ?

በማሽን ፍጥነት አዎ። በሰዓት 400 እጅ፣ በእጅ 10 ክሬዲት ብትጫወት በሰዓቱ 4,000 ክሬዲት አሳለፍክ ማለት ነው። በመጀመሪያው በአማካይ 17 ክሬዲት ይሄዳል፤ በሁለተኛው፣ ማለትም ክፍያው ወደ 6 ለ 5 ብቻ በተቀየረበት ጨዋታ፣ 72 ገደማ።