ከአንታርክቲካ መልስ፣ አንድ ቀን በኡሹዋያ

ጥያቄ፦ ከአንታርክቲካ ስንመለስ መርከቡ ጠዋት አርጀንቲና፣ ኡሹዋያ ያወርደናል። በረራችን ማታ ነው። ቀኑን እንዴት እናሳልፈው?

መልስ፦ ካቢኑ ለቀጣዩ መንገደኛ ስለሚጸዳ ሻንጣ የምታስቀምጡበትን ቦታ መርከቡ ላይ ሳላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በእግራችሁ ወደ አሮጌው እስር ቤት ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 ተዘግቶ አሁን ሙዚየም ነው፤ ሁለት ሰዓት ያዙለት። አንደኛው ክንፍ ሳይታደስ እንደነበረ ተትቷል፤ ስለሚበርድ ጃኬታችሁን ከሻንጣ ጋር አታስቀምጡ። ከከተማው በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያለው ብሔራዊ ፓርክ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ የማታው በረራችሁ በጣም አምሽቶ የሚነሳ ካልሆነ እኛ አንመክረውም።

መሬቱ የሚወዛወዝ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ አእምሯችሁ የባሕሩን እንቅስቃሴ ለምዶ ነው፤ ደረጃ ላይ ግን መደገፊያውን ያዙ። ከኡሹዋያ የምትበሩት በዋና ከተማዋ በቦነስ አይረስ በኩል ከሆነ፣ ከተማዋ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ስላሏት ቀጣዩ በረራችሁ ከየትኛው እንደሚነሳ ቲኬቱ ላይ አረጋግጡ።