በቀን አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ለግፊት? እኔ ያየሁትን ስሚ

እህቴ፣ ግፊቴ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ ጓደኛዬ ደግሞ «ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ለልብ ጥሩ ነው» ትለኛለች፣ እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ምክር ጀምሬ ስምንት ወር ጠጥቻለሁ። አንቺ እንዳትከስሪ በተራ ልንገርሽ።

1. ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ወሬ የመጣው በቀይ ወይን ነው። ቀዩ ከነልጣጩ ስለሚብላላ ሬስቬራትሮልና የመሳሰሉትን ለልብ ይጠቅማሉ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ከልጣጩ ይወስዳል። ነጩ የሚብላላው ግን ተጨምቆ ልጣጩ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ እነዚያ ነገሮች እሱ ላይ ጥቂት ናቸው። አልኮሉ ግን ያው ነው። ቀዩም ቢሆን የድሮ ጥናቶቹ ጥያቄ ተነስቶባቸዋል። «አይጠጡም» ተብለው ከተቆጠሩት መሃል ታመው ያቆሙ ሰዎች ነበሩበት። ከታመመ ጋር ሲወዳደር ትንሽ የሚጠጣው ጤነኛ መስሎ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። አንቺ ደግሞ ሴት ነሽ። የጡት ካንሰር ስጋት በትንሽ መጠንም ይጨምራል። ይህን ጓደኛሽ የነገረችሽ አይመስለኝም።

2. ክሊኒክ ስትሄጂ ወይን እንደምትጠጪ ሳትጠየቂ ተናገሪ። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ አንገቷን ስልኳ ላይ እንደደፋች «አልኮል አይጠጡም አይደል?» አለችኝ። «አልጠጣም» አልኩ። መዋሸቴ አልነበረም። እኛ ዘንድ መጠጥ ማለት ቢራና አረቄ ነው፤ ከራት ጋር የሚቀርብ ወይን መጠጥ ነው ብዬ አስቤም አላውቅ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ታዘዘልኝ፤ ግፊቱ አልወርድ አለ። 10 አደረጉት። እግሬ አበጠ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ ሰርቶ ይቆያል። እብጠቱን አይተው የኩላሊት፣ የጉበት፣ የልብ አልትራሳውንድ አዘዙ። 14 ሺህ ብር ወጣ። ሁሉም ደህና ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው የምጠጣውን ደግሞ አልጠየቀኝም።

በሌላ ቦታ ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ናት ነገሩን የፈታችው። «ማታ ከራት ጋር ምን ይወስዳሉ?» አለችኝ። ወይን፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ አልኩ። «ብርጭቆዎን ለክተው ይምጡ» አለች። ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ እስከምቀዳበት ድረስ ውሃ ሞላሁና በልጅ ልጄ ጡጦ ገለበጥኩት። ጡጦው 240 ላይ ሞላ። ብርጭቆው ውስጥ ገና ውሃ አለ። ጡጦውን ደፍቼ የቀረውን ለካሁት፣ 60። በድምሩ 300 ሚሊ ሊትር! አንድ ብርጭቆ ወይን ተብሎ የሚቆጠረው 150 ገደማ ነው። 12 ከመቶ አልኮል ባለው ወይን ሲሰላ በየማታው ወደ 28 ግራም ንጹህ አልኮል እወስድ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ ቀድቼ ስለማላውቅ ራሴን ልከኛ ነኝ ብዬ እቆጥር ነበር። 750 የሚይዘው ጠርሙስ በሦስተኛው ቀን ሲያልቅ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

መድኃኒቱን እንደነበረው እየወሰድኩ ወይኑን ብቻ ለአንድ ወር እንዳቆም አዘዘችኝ። በየጠዋቱ እለካ ነበር። 152/96 የነበረው 134/84 ገባ። አምሎዲፒኑን እሷው ወደ 5 መለሰችው፤ እብጠቱም ጠፋ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንቃቴም ቀረ። ሁሉንም በወይኑ አላሳብብም፤ በዚያው ወር ከለገሃር አራት ኪሎ በእግሬ መግባት ጀምሬያለሁ። ዳገቱን በ58 ዓመቴ ሳልቆም እወጣዋለሁ።

3. የስኳር መድኃኒት ከወሰድሽ ደግሞ ከባድ ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ጨጓራ ካለብሽም ነጭ ወይን አሲዳም ነው፣ ያቃጥልሻል። ለበዓል ወደሽው ከምግብ ጋር 150 ብትጠጪ አልቃወምሽም። የግፊት መድኃኒት ነው ብለሽ ግን ወይን አትጀምሪ። የታዘዘልሽንም ኪኒን በራስሽ እንዳታቆሚ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ተመልሼ «አይጠጣም» የሚለው እንዲታረምልኝ ጠየቅኩ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «አባቴ፣ ካርድ ላይ የሚጻፈው በሽታ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ። ሰውም ሳቀ። በጣም ነው ያዘንኩት። ግን ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ኃላፊው ተጠርቶ መጣ፣ «ወይን፣ በቀን 300 ሚሊ ሊትር፣ አቁሟል» ተብሎ ተጻፈ። በዓይኔ አይቼ ነው የወጣሁት።